ክለቤ ወረደ፣ ሂሳቤ ግን መቆረጡን አላቆመም

ግንቦት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለስፖርት ዜና የአጭር የጽሑፍ መልዕክት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የሌላ ክለብ ዜና እየተላከልኝ ስለተቆረጠብኝ ገንዘብ እና ክለቤ ከወረደ በኋላም ስላልቆመው ክፍያ

ጤና ይስጥልኝ።

«የሚወዱትን ክለብ ይምረጡ፣ ዜናውን እኛ እናደርሳለን» የሚለውን ማስታወቂያችሁን አምኜ ባለፈው ነሐሴ ተመዘገብኩ። ክፍያው በቀን 2 ብር ነው። ሲያዩት ትንሽ ናት፤ በየቀኑ ስትቆረጥ ግን ትታወቃለች። የመረጥኩት ክለብ ኖትስ ካውንቲ ይባላል። ስሙን እኔ አልፈጠርኩትም። እናንተው ባወጣችሁት ዝርዝር ውስጥ ነበር።

እናንተ ግን ዓመቱን ሙሉ የላካችሁልኝ የኖቲንግሃም ፎረስትን ዜና ነው።

ሁለቱ የአንድ ከተማ ክለቦች ናቸው፣ ልክ ነው። ስታዲየሞቻቸውም ተጎራባች ናቸው። የካውንቲው ሜዶ ሌን በትሬንት ወንዝ በዚህ ወገን፣ የፎረስቱ ሲቲ ግራውንድ በዚያ ወገን ነው፤ ድልድዩን በእግር ተሻግሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ ይቻላል። ነገር ግን ፎረስት ቀይ ለባሽ ነው፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ ወስዷል፣ ዘንድሮ የተጫወተውም በቻምፒዮንሺፕ፣ ማለትም በሁለተኛው እርከን ነበር። ካውንቲ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዘንድሮ የነበረውም በሊግ ቱ፣ ማለትም በእንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ ነው። የፎረስትን ዜና ለእኔ መላክ የጊዮርጊስን ዜና ለቡና ደጋፊ እንደ መላክ ነው። እስቲ እሱን ሞክሩትና የሚመጣላችሁን የስልክ ጥሪ ቁጠሩ።

ስህተቱ አንድ ቀን ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ጥር ላይ «እንኳን ደስ አለዎት! ክለብዎ ማርቲን ኦኔልን አሠልጣኝ አድርጎ ሾሟል» የሚል መልዕክት ደረሰኝ። ኦኔል በተጫዋችነት ዘመኑ የፎረስት ልጅ ነው፤ እነሱ ቢደሰቱ አይገርመኝም። እኔን ግን ምን አገባኝ? በዚያው በጥር ወር የእኔ ክለብ ባለቤት አለን ሃርዲ ክለቡን ለሽያጭ ማቅረባቸውን ይፋ አድርገው ነበር። ይህን ያወቅሁት ከእናንተ አይደለም።

ዓመቱን ሙሉ ሳትነግሩኝ ያለፋችሁትን እኔ ልንገራችሁ። ምናልባት መዝገባችሁን ለማስተካከል ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ካውንቲ አምና በሊግ ቱ 5ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። በፕሌይ ኦፍ፣ ማለትም በማደጊያው ማጣሪያ፣ በኮቬንትሪ ባይሸነፍ ኖሮ ወደ ሊግ ዋን ለማደግ ዌምብሌይ ላይ ይጫወት ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ያድጋል ብሎ ነበር የጠበቀው። ሊጉ ከተጀመረ ወር እንኳ ሳይሞላ አሠልጣኙ ኬቨን ኖላን ተባረረ። አዎ፣ የቦልተኑና የዌስትሃሙ ኖላን። በሳምንት ውስጥ ሃሪ ኪዌል ተሾመ። ኪዌልን የማያውቅ የሊቨርፑል ደጋፊ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ በፈረንጆቹ 2005 የኢስታንቡል ፍጻሜ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ የወጣው ልጅ ነው። ካውንቲ ቤትም ብዙ አልቆየም፤ ኅዳር ላይ ተሰናበተ። ቀጥሎ የዊምብልደኑ ኒል አርድሊ መጣ። በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት አሠልጣኝ፣ መሃል ላይ ደግሞ ለሽያጭ የወጣ ክለብ። ለዜና አቅራቢ ድርጅት ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት? አንዱንም አልላካችሁም።

የሊግ ቱን ዜና ማን ያነባል እንዳትሉኝ። ዘንድሮ በዚያ ሊግ ውስጥ በአሠልጣኝነት ከኪዌል ሌላ ፖል ስኮልስ ነበር፤ ኦልድሃምን ይዞ በወሩ ጥሎ ወጣ። ሶል ካምቤልም ነበር። እነዚህን ስሞች ለማንበብ 2 ብር የማይከፍል የዩናይትድና የአርሰናል ደጋፊ አለ? ገበያችሁን የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

የካምቤልን ነገር ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም እኔን በተለይ ያቃጠለኝ እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2009/10 ለትምህርት ኖቲንግሃም ነበርኩ። ለተማሪ ኪስ የሚቀርበው ካውንቲ ስለነበር ሜዶ ሌን መግባት ጀመርኩ። ያ ዓመት ጉድ የታየበት ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ ገንዘብ አለን የሚሉ ሰዎች ክለቡን ያዙ፣ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን የእግር ኳስ ዳይሬክተር ሆኖ መጣ፣ ሶል ካምቤልም ፈረመ። ካምቤል አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በሞርካምቤ 2 ለ 1 ተሸንፈው ሲመለሱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። የተባለው ገንዘብም አልነበረም፤ ክለቡ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። የሚገርመው ቡድኑ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል የሊግ ቱን ዋንጫ በ93 ነጥብ ወሰደ። በረኛው ካስፐር ሽማይክል ነበር፣ ኋላ ከሌስተር ጋር የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነው። እንደዚህ ዓይነት ክለብ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

እና ያ ካምቤል ዘንድሮ ኅዳር ላይ በሊግ ቱ ግርጌ የነበረውን ማክልስፊልድ ታውንን ተረከበ። በአሠልጣኝነት የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ማንም ያተርፈዋል ብሎ አልጠበቀም። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ከወራጅ ቀጣና በላይ የነበረው ማክልስፊልድ፣ ከሥሩ የነበረው ደግሞ ካውንቲ ነበር። ከሊግ ቱ የሚወርዱት ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው። ካውንቲ ስዊንደን ላይ ማሸነፍ ነበረበት፣ በዚያ ላይ ማክልስፊልድ በካምብሪጅ መሸነፍ ነበረበት። የግብ ክፍያው ስለማይረዳን ማክልስፊልድ አቻ ቢወጣም ለኛ ዋጋ የለውም።

ቀኑ ቅዳሜ ሚያዝያ 26 ነበር፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ። ቤት ውስጥ እንግዳ አለ፣ ከፋሲካ የተረፈ ዶሮ አለ፣ እኔ ግን ስልኬን ይዤ ጓዳ ገብቼ ቆሜያለሁ። ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል። የእናንተ መልዕክት ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የተመዘገብኩትም ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፣ ምንም የለም። ሁለተኛውም አለቀ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ውጤቱን የነገረኝ ጀርመን ያለ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ስዊንደን 3፣ ኖትስ ካውንቲ 1። ማክልስፊልድ 1 ለ 1 ወጥቷል። ካውንቲ በ41 ነጥብ 23ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ማክልስፊልድ በ44 ተረፈ። ከኛ ጋር ዮቪል ወረደ።

የእናንተ መልዕክት ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ኖቲንግሃም ፎረስት ከሊግ ቱ ወረደ።»

ፎረስት ሊግ ቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ ሊወርድ አይችልም። ይህንኑ መልዕክት አንድ የፎረስት ደጋፊ የሆነ የሥራ ባልደረባዬም ደርሶት ቢሮ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ለዚህም ካሳ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፣ ግን ይለፍ።

ምን እንደወረደ ገብቷችሁ እንደሆነ አላውቅም። ኖትስ ካውንቲ በፈረንጆቹ 1862 ነው የተመሠረተው። በዓለም ካሉት የፕሮፌሽናል ክለቦች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ራሱ የተቋቋመው ከዚያ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1888 የእንግሊዝ ሊግ ሲመሠረት ከ12ቱ መሥራቾች አንዱ ነበር። በ1894 በሁለተኛ ዲቪዚዮን እያለ ቦልተንን 4 ለ 1 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን ወስዷል። ጁቬንቱስ ጥቁርና ነጭ የሚለብሰው ከካውንቲ ወስዶ ነው። በ1903 ማሊያ ከኖቲንግሃም ተልኮላቸው ነው እስከ ዛሬ የቀሩበት። ጣልያኖቹ ውለታ አይረሱም፤ በፈረንጆቹ 2011 አዲሱን ስታዲየማቸውን ሲመርቁ የጋበዙት ካውንቲን ነበር፣ 1 ለ 1 ወጡ። ሮናልዶ በጁቬንቱስ የለበሰው ማሊያ ከየት እንደመጣ ለደንበኞቻችሁ ብትልኩ ስንቱ ይገረም ነበር!

ይህ ክለብ ነው ከ131 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሊጉ፣ ማለትም ከላይኞቹ አራት እርከኖች፣ የወጣው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ሁሉ ጽፈውታል። በእናንተ ግን የጎረቤቱ ስም ተለጥፎበት ከሁለት ቀን በኋላ መጣ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከወረደ በኋላ በነበረው ሳምንት «ውድ ደንበኛችን፣ የመረጡት ክለብ በአሁኑ ሰዓት አገልግሎት አይሰጥም» የሚል መልዕክት ላካችሁ። ክለቡ አገልግሎት አልሰጥም አላለም። ወደ ናሽናል ሊግ ነው የወረደው፣ አምስተኛው እርከን ማለት ነው። እዚያም ኳስ ይጫወታሉ። ሜዶ ሌንም አልተዘጋም። ከዚያ ሊግ በየዓመቱ ሁለት ክለብ ያድጋል፤ ዘንድሮ ሌይተን ኦሪየንት በሻምፒዮንነት፣ እነ ጋሪ ኔቭልና ስኮልስ የያዙት ሳልፎርድ ሲቲ ደግሞ በፕሌይ ኦፍ ወጥተዋል። በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ግን ሊጉ የለም፣ ስለዚህ ክለቡንም ሰረዛችሁት። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ 2 ብሩ ለምን ይቆረጣል? ከዝርዝር የተሰረዘ ክለብ፣ የማይላክ ዜና፣ የማይቀር ክፍያ። ይኼ በየትኛውም ሒሳብ አይገባም።

ለማቋረጥ «ስቶፕ» ብላችሁ ላኩ ተባለ፣ ላክሁ። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል» አለኝ፣ በማግስቱ ተቆረጠ። ደጋግሜ ላክሁ፣ ደጋግሞ ተቀበለ፣ ደጋግሞ ቆረጠ። ወደ ጥሪ ማዕከላችሁ ደወልኩ። ሙዚቃውን ከፍታችሁልኝ ስትሄዱ ሂሳቤ አለቀ። ሞልቼ እንደገና ስደውል አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች። ችግሩን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች? «ጋሼ፣ የወረደ ክለብ ምን ያደርግልዎታል? አርሰናል ላድርግልዎት?»

ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የተሰጣት ዝርዝር ያ ነው። እንዲያውም ከሁላችሁም የተሻለ ያስተናገደችኝ እሷ ናት። የምወቅሰው ዝርዝሩን ያዘጋጀውን ነው። ክለብ የሚመረጠው እንደ ስልክ ጥሪ ሙዚቃ የሚመስለው ሰው ነው ያዘጋጀው። ክለቡ ሲወርድ ደጋፊው ይበልጥ ዜና ይፈልጋል፤ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ ማን ገዛው፣ አሠልጣኙ ይቆያል ወይ ይላል። የካውንቲን ዜና እንደ ባለፉት ሳምንታት የተራብኩበት ጊዜ የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ከተመዘገብኩበት ቀን ጀምሮ የተቆረጠው ገንዘብ ይመለስልኝ። የከፈልኩት ለኖትስ ካውንቲ ዜና ነው፣ እናንተ ደግሞ አንድም የካውንቲ ዜና አልላካችሁም፤ ትክክለኛ ነው የምትሉት ካለ አውጥታችሁ አሳዩኝ፣ የዚያን ቀን 2 ብር እተውላችኋለሁ። ቁጥሬንም ዛሬውኑ ከመዝገብ አውጡ፣ «ስቶፕ» ስል በእውነት ይቁም። የፎረስትና የካውንቲ መዝገብ መደባለቁን ደግሞ አስተካክሉ፤ ያ ባልደረባዬም ቢሆን የራሱን ክለብ ዜና በትክክል ማግኘት መብቱ ነው። ናሽናል ሊግን በዝርዝራችሁ ብትጨምሩ ተመልሼ እመዘገባለሁ፣ ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። የማትጨምሩ ከሆነ ግን ገና ሲመዘገብ ለሰው ንገሩት፤ «ክለብዎ ከወረደ አገልግሎቱ ያበቃል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ናት።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ሰኔ ከማለቁ በፊት ምላሽ ካላገኘሁ ይህን ደብዳቤ ከመልዕክቶቹ ፎቶ ጋር ይዤ ወደሚመለከተው የመንግሥት አካል እሄዳለሁ። የተቆረጠበትን ቀን የሚያሳየው የሂሳብ ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። ዛሬ ጠዋት የተቆረጠችውም 2 ብር እዚያው የመጨረሻው መስመር ላይ አለች።

ከሰላምታ ጋር

የኖትስ ካውንቲ ደጋፊ
(ሙሉ ስሜና ስልክ ቁጥሬ በመዝገባችሁ ላይ ይገኛል፤ ክለቡ ግን «ፎረስት» ተብሎ ነው የተጻፈው)