አባባ፣ ስለዚያ መጽሔት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ለአያቴ ንገርልኝ» እያለች ታስቸግረኛለች፤ ትልቁ በቁመት ሊደርስብኝ ነው።

እታለም የዓይንዎ ቀዶ ጥገና ለሚቀጥለው ሳምንት መቀጠሩን ነገረችኝ። የስኳሩን መድኃኒት ነገር ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ እንጂ በራስዎ እንዳያቋርጡት።

ሌላም ነገር ልካለች። ሻንጣዎን ስታጸዳ ያገኘችውን ፕሌይቦይ፣ ያንን የራቁት ሴቶች ፎቶ የሚያወጣውን የአሜሪካ መጽሔት፣ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። አይቆጧት። ሥራ ስሄድ ፕሌይቦይ ድሮ በነበረበት ሕንፃ፣ በሚሽጋን ጎዳና አልፋለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥር ቀበቶዎ ትዝ ይለኛል። ልጅ ነበርኩ፣ እንግሊዝኛ አላነብም። ሽፋኑ ላይ የመጽሔቱን ምልክት ጥንቸሏን አይቼ ገለጥኩት። የሴቶቹ ፎቶ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው በእርሳስ የተሰመረበት ጽሑፍ ነበር። ጎረቤት እየሰማ ገረፉኝ፤ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሂው ሄፍነር መጽሔቱን እዚሁ ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀምር እናቱ እንኳ 1,000 ዶላር አዋጥታለታለች። የመጀመሪያው እትም የተሸጠው በማሪሊን ሞንሮ ራቁት ፎቶ ነው። እሷ በ1949 ስትነሣ የተከፈላት 50 ዶላር ነበር፤ እሱ ፎቶውን ከቀን መቁጠሪያ አታሚ በ500 ዶላር ገዛው። ለእሷ ምንም አልደረሳትም። ሴት ልጅ አለችኝና ይህ ያንገበግበኛል። ምላጭ ማንሳትዎን አልነቅፍም።

እርስዎ ያስቀመጡት ግን የጥር 1965 (እ.ኤ.አ.) እትም ነው፤ ጥቁሩ ጸሐፊ አሌክስ ሄሊ የጥቁሮች መብት ታጋዩን ማርቲን ሉተር ኪንግን ያነጋገረበት። ኪንግ የኖቤል የሰላም ሽልማትን በተቀበለ ማግስት የወጣ፣ ከሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ሁሉ ረጅሙ የሚባለው። ያኔ እርስዎ እዚህ ጥቁር ተማሪ ነበሩ። ለእኛ ያወሩልን ብርዱን ብቻ ነው።

አባባ፣ ግርፋቱን ከተውኩት ቆይቷል። የሚቆረቁረኝ፣ አጠገብዎ አስቀምጠው «ይህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለማለትዎ ነው። እኔም እዚህ አገር መጥቼ ፖሊስ መኪናዬን ሲያስቆመኝ፣ ምን እንዳሳለፉ የምጠይቀው አባት እያለኝ እንደሌለኝ ሆንኩ።

ያሰመሩባቸውን መስመሮች እታለም ታንብብልዎና ለምን እንዳሰመሩባቸው በቴሌግራም በድምፅ ይላኩልኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ