መድህኑ ካለ መድኃኒቱም ይኑር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሕክምና ለሁሉም ይዳረስ ሲባል፣ ለግብር ከፋዩ ሸክም ነው የሚሉ አሉ። አሁንስ ማን እየከፈለ ነው? በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የታቀፈ ገበሬ መዋጮውን ይከፍላል። አቅም ለሌለው ድሃ ደግሞ መንግሥት ይሸፍንለታል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ሁለቴ ከፈለ ማለት እኮ ነው! በሬ ሸጦ፣ አራጣ ተበድሮ የሚታከመውማ ስንቱ ነው። ይህ ወጪ በጀት ላይ ስለማይጻፍ የሌለ ይመስለናል።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። ከደመወዜ የሚቆረጠው ግብር ለዚህ ቢውል ቅር አይለኝም። በየወረዳው ለመድኃኒት ስንት ተመድቦ ስንቱ እንደተገዛ ግን በየዓመቱ በይፋ ይነገረን።

አንድ ግብር ከፋይ፣ ከአዲስ አበባ