የሕፃኑ ውጤት የት ደረሰ?

ይድረስ ለክቡር የጤና ሚኒስትር

ጉዳዩ፦ የጨቅላ ሕፃናት የኤች አይ ቪ ምርመራ መዘግየትን ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

በዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፈን «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» ከመባል ያለፈ መልስ ስላላገኘን፣ አራተኛውን በአደባባይ ጽፈነዋል።

መመሪያውን ያውቁታል፤ ያወጣው መሥሪያ ቤትዎ ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን ሁለት ወር ሳይሞላው መመርመር አለበት። ፈጣኑ ምርመራ ከ18 ወር በታች አያገለግልም፤ የሚያሳየው ከእናቱ የወረሰውን ፀረ እንግዳ አካል ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ተረከዙ ተወግቶ ደሙ በማጣሪያ ወረቀት ካርድ ክቦች ላይ ይንጠባጠባል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት በጥላ ደርቆ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ ቫይረሱን ራሱን በዘረመሉ ወደሚፈልገው የፒ ሲ አር ምርመራ ላቦራቶሪ ይላካል። በአንድ ክብ ጠብታ በጠብታ ላይ ከተደራረበ ወይም ካርዱ ሳይደርቅ ከታሸገ ናሙናው ይበላሻል። ነርሷ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች።

ጣጣው ከእሷ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ካርዱ «ሌሎች ይጨመሩና አንድ ላይ ይሄዳል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል። ውጤቱ ሲወጣም ታትሞ የሚመልሰው መኪና ይጠበቃል። «ናሙናው ይደገም» የሚል ወረቀት ከመጣማ እናቲቱን ማን ያገኛታል?

ቫይረሱ መኪና አይጠብቅም። ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞታሉ፤ ሞቱ የሚበረታውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ በተኛበት ወር ማለት ነው! መድኃኒት የለም እንዳይሉን፣ በውኃ የሚሟሟው ባለ 10 ሚሊግራም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ከ4 ሳምንት ዕድሜና ከ3 ኪሎ ክብደት ጀምሮ ይሰጣል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩ አዋቂዎች 77 በመቶው ሲታከሙ፣ ከልጆች የታከሙት 57 በመቶው ብቻ ነበሩ። አዋቂውንና ሕፃኑን በአንድ የሚደምር ሪፖርት ይህን ልዩነት አሳምሮ ይደብቃል።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤት የሚሰጡ ትንንሽ ማሽኖች እናቶች ክትትል በሚያደርጉበት ቦታ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ውጤት ቫይረሱ አለ ካለ፣ ማረጋገጫ ናሙና ይወሰድና ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመር፤ ይህንንም መመሪያዎ ይላል።

ለዚህ ደብዳቤ የምንጠብቀው መልስ አንድ ቁጥር ነው፦ የሕፃኑ ደም ከተወሰደበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያውን መድኃኒት እስኪውጥ በአማካይ ስንት ቀን ያልፋል?

የላቦራቶሪና የእናቶች ክትትል ባለሙያዎች