በአንድ ጀልባ ላይ የግል ክር የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመዝናኛ ዓምዳችሁ ከጓደኞች ጋር ወደ ባሕር ወጥቶ ዓሣ ስለ ማጥመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ዘንግና ስለ ክር መጠቅለያ የሰጡት ማብራሪያ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ጨዋማ ውሃ ብረትን ምን ያህል እንደሚበላ ያስረዱበት ክፍልም ለጀማሪ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው እንደ ፍላጎቱና እንደ ዐቅሙ የመረጠውን ዕቃ ይዞ ይምጣ የሚለው ምክራቸው ከዳርቻ ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው እንጂ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ለሚወጡ ጓደኛሞች እንደማይሆን፣ ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር ለዓመታት ስወጣ ካየሁት ተነሥቼ ለማስረዳት እወዳለሁ።

አንድ ማለዳ አርባ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ስፍራ ሞተሩን አጥፍተን፣ ጀልባዋ በነፋስ እየተገፋች እንድትንሳፈፍ ትተን አራታችንም መንጠቆ ጣልን። ሦስታችን የያዝነው ቀጭን የተጎነጎነ ክር ሲሆን፣ አራተኛው ወዳጃችን ግን የለመደውን ወፍራም ናይለን ይዞ መጥቶ ነበር። ወፍራም ክር ለውሃው ፍሰት ሰፊ ገላ ስለሚሰጥ ፍሰቱ እየገፋ ይወስደዋል፤ ክሩን ወደ ታች በሚያወርድ እኩል ክብደት ባለው የእርሳስ ብረት የተጣለ ቀጭን ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ወፍራሙ እየተንጋደደ በጎረቤቱ ክር ሥር ይገባል። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓሣ የጎተተው የእኔን መንጠቆ ቢሆንም፣ ጠቅልዬ ያወጣሁት ግን ጡጫ የሚያህል የአራት ሰው ክር ትብትብ ነበር። የተጎነጎነው ክር ናይለኑን እንደ መጋዝ ገዝግዞ ቆረጠው፤ ትብትቡን በጣቱ ሊፈታ የሞከረው ጓደኛችንም ክሩ ድንገት ሲወጠር እስከ ዛሬ የሚታይ ቀጭን ጠባሳ በጠቋሚ ጣቱ ላይ ቀረበት። በቢላዋ ስንቆራርጥ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ቀና ስንል ጀልባዋ ዓሣ ካለበት ስፍራ ርቃ ሄዳለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመውጣታችን በፊት በነበረው ምሽት ተገናኝተን በክሩ ዓይነትና ውፍረት፣ በእርሳሱም ክብደት እንስማማለን። ጀልባዋ በነፋስ በምትገፋበት ጊዜ ሁላችንም የምንቆመው ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ነው፤ በዚያ በኩል የተጣለ ክር ከጀልባዋ እየራቀ ይሄዳል እንጂ ከሥሯ አይገባም። አንዳችን ትልቅ ዓሣ ከያዘ ደግሞ የቀሩት ሳይጠየቁ ክራቸውን ይጠቀልላሉ።

በጽሑፉ ውስጥ የተጎነጎነው ክር ከናይለን በሁሉም ነገር እንደሚበልጥ ተደርጎ መቅረቡም ጥቂት ማስተካከያ ይሻል። የተጎነጎነ ክር እምብዛም ስለማይለጠጥ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ዓሣው ማባበያውን ሲነካካ እጅ ላይ ይሰማል፤ እኩል ከሚሸከም ናይለንም በጣም ይቀጥናል። ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ቶሎ ይበጠሳል፣ ለዓሣውም ዓይን ይታያል። ስለዚህ በጫፉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የተባለውን ሌላ ዓይነት ክር መቀጠል ያስፈልጋል። ጸሐፊው ፍሎሮካርቦንን በውሃ ውስጥ ፈጽሞ የማይታይ ብለውታል፤ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ለውሃው ስለሚቀርብ ከናይለን ይልቅ ለማየት ያስቸግራል ቢባል ይሻል ነበር። ቋጠሮውም ይለያያል፤ ናይለን ላይ አጥብቆ የሚይዝ ቋጠሮ ለስላሳው የተጎነጎነ ክር ላይ ሊንሸራተት ይችላል። የትኛውም ቋጠሮ ቢሆን ከመጥበቁ በፊት በምራቅ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግልና በዚያው ቦታ ይደክማል።

ስለ መጠቅለያው ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ ስለሚወስነው ክፍል የተጻፈው ግን በእርግጥ መታረም ያለበት ነው። ዓሣው ክር ይዞ መሮጥ ሲጀምር ፍሬኑን ማጥበቅ እንደሚገባ ተገልጿል፤ ብዙ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የፍሬኑ ልክ የሚወሰነው ጀልባዋ ሳትነሣ፣ የክሩን ጫፍ ከእጅ ሚዛን ጋር አስሮ በመጎተት ሲሆን፣ የተለመደው መጠን ክሩ ሊሸከም ከሚችለው ክብደት ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ይኸውም 10 ኪሎ የሚችል ክር በ2.5 ወይም በ3 ኪሎ ሲጎተት መልቀቅ መጀመር አለበት ማለት ነው። ዓሣው በሮጠ ቁጥር በመጠቅለያው ላይ የቀረው የክር ጥቅል እየቀጠነ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማንም ፍሬኑን ሳይነካው ክሩን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፣ ጥቅሉ በግማሽ ከቀጠነም ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ረጅም ክር የራሱን ሸክም ይጨምርበታል። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ፍሬን የሚያጠብቅ ሰው ክሩን በገዛ እጁ እየበጠሰ ነው። እኛም አንዳችን ዓሣ በያዘ ቁጥር «አጥብቀው! አጥብቀው!» እያልን የመጮኽ ልማዳችንን የተውነው ብዙ ክር ካስበጠስን በኋላ ነው።

የመንጠቆ ምርጫም ቢሆን በጋራ ቢወሰን ይመረጣል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ዓሣው ማባበያውን ውጦ ሲዞር እየተንሸራተተ መጥቶ አብዛኛውን ጊዜ የአፉን ማዕዘን ይይዛል፤ ሆድ ዕቃውን ስለማይወጋም የሚለቀቀው ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ዘንጉን በድንገት የሚነጥቅ ሰው መንጠቆውን ባዶውን ያወጣዋል፣ ዝም ብሎ በዝግታ የሚጠቀልል ግን ይይዛል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ውሃ የድንጋይ አካባቢ ዓሦችን በተፈጥሮ ማባበያ የሚያጠምድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክብ መንጠቆ፣ ያውም የሚዝገውን ዓይነት እንዲጠቀም በሕግ ተገዷል። የሚዝግ መንጠቆ የተፈለገበት ምክንያት ክሩ ተበጥሶ በዓሣው አፍ ቢቀር ከጊዜ በኋላ ዝጎ እንዲወድቅ ነው።

በጽሑፉ ያልተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በውሃው ገጽ ካለው አራት እጥፍ ነው፤ ከዚያ የሚጎተት ዓሣ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት እየተነፋ ጨጓራውን በአፉ፣ ዓይኑንም ከጉድጓዱ ይገፋዋል። እንዲህ ሆኖ የወጣ ዓሣ ወደ ውሃ ቢመለስ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል እንጂ መጥለቅ አይችልም፤ ወፍም አሞራም ይጫወትበታል። በአፉ የወጣውን ጨጓራ የአየር ከረጢት መስሏቸው በመርፌ የሚበሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይህ ዓሣውን መግደል ነው። መድኃኒቱ መንጋጋውን ይዞ በእርሳስ ክብደት ወደ ጥልቀቱ መልሶ የሚለቅቅ ቀላል መቆንጠጫ ሲሆን፣ ለአንድ ጀልባ አንድ ይበቃል። በበኩላችን የማንፈልገው ዓሣ በተከታታይ እንዲህ ሆኖ ከወጣ ስፍራ እንለውጣለን እንጂ እያወጣን መጣሉን አንቀጥልም።

እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው የዓለም ክብረ ወሰን የመስበርን ሕልም ስላነሡ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር በደንቡ፣ ዓሣው መንጠቆ ላይ ሳለ ከአጥማጁ በቀር ሌላ ሰው ዘንጉን ወይም መጠቅለያውን ከነካ ክብረ ወሰኑን አይመዘግብም። እኛ ግን ክንዱ የዛለ ሰው ዘንጉን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ክብረ ወሰኑ ይቅርብን።

ከዕቃ ሁሉ የሚበልጠው የመመለስ ጉዳይ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማግኘቱ ቅር አሰኝቶኛል። የመመለሻ ሰዓት መቆረጥ ያለበት ገና መሬት ላይ እያለን ነው፤ ዓሣ መብላት በጀመረበት ሰዓት ማንም ሰው እንመለስ ብሎ ደፍሮ አይናገርም። ከነዳጁ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለክፉ ቀን ነው። መሬት ላይ ለሚቀር አንድ የታመነ ሰው የት እንደምንሄድ፣ ስንት እንደሆንንና በስንት ሰዓት ካልተመለስን ለነፍስ አድን ሠራተኞች መደወል እንዳለበት በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን። ስልክ ከዳርቻ ሲርቁ ኔትወርክ ያጣል፣ ውሃም ይገባዋል፤ የባሕር ሬዲዮ ግን በቻናል 16 የጭንቅ ጥሪ ያስተላልፋል። የነፍስ አድን ጃኬትም ከመቀመጫ ሥር ተቀምጦ ለማንም አይረባም፤ መልበስ ነው። ነፋሱ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ መንፈስ ሲጀምር ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጠዋት ለስላሳ የነበረው መንገድ በዚያች አንዲት ሰዓት ይለወጣል።

በእኛ ጀልባ ከአራታችን አንዱ «እንመለስ» ካለ ምክንያቱ ሳይጠየቅ እንመለሳለን። ይህን ደንብ ያወጣነው የማቅለሽለሽ ሕመም ያለበት ጓደኛችን ደስታችንን ላለማበላሸት ብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከንፈሩን ነክሶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ጀርባችንን ሰጥተነው ክራችንን እናያለን። አሁን ክኒኑን ከመነሣታችን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወስዳል፣ ሞገዱ ሲበረታም ወደ ኋላ ተቀምጦ አድማሱን ይመለከታል፤ አንገት አቀርቅሮ መንጠቆ የማሰሩን ሥራ ሌሎቻችን እንሠራለታለን።

ስለ ተያዘው ዓሣም አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ቱናንና ማኬሬልን የመሳሰሉ ዓሦች ፀሐይ ላይ ከቆዩ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፤ ሂስታሚን ደግሞ በእሳት አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣው እንደወጣ ደሙን አፍስሶ በረዶና የባሕር ውሃ በተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። በረዶው ከሌለ በዚያን ቀን ይዘን የምንመለስ ሳይሆን የምንለቅቅ ነን።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያንስ የፍሬኑን ምክር እንዲያርሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወፍራም ናይለን ያመጣው ወዳጃችን እንደሆነ ክሩን አልጣለውም፤ ከዳርቻ ድንጋይ ላይ ሆኖ ብቻውን ሲያጠምድ ይጠቀምበታል፣ ከሁላችንም የበለጠ የሚይዝበት ቀንም አለ። በጀልባ በምንወጣበት ዕለት ግን የሚይዘው እንደ እኛው የተጎነጎነውን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ