ሱቁ ተከፍቶ ሳለ ፈላጊ የሚያጣበት ምክንያት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ሱቅዎን በአጭር ጊዜ ውስጥ በጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንደኛ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ በየማኅበራዊ መገናኛው ማየት የተለመደ ሆኗል። ታናሽ እህቴ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እውነት መስሏት ለበዓል ገበያ ድርና ማግ ልትገዛበት ያስቀመጠችውን ገንዘብ በመክፈሏ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተገድጃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ በኢንተርኔት የሚነግዱ ወገኖች አንድ ሱቅ በፍለጋ የሚገኘው ወይም የሚሰወረው በምን እንደሆነ ተረድተው ገንዘባቸውንና ድካማቸውን በሚገባው ቦታ እንዲያውሉት ስለምመኝ ነው።

እህቴ በሽሮ ሜዳ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታና የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ለብዙ ዓመታት ገበያዋ በሱቋ ደጃፍ የሚያልፈው ሰውና የቴሌግራም ቻናሏ ብቻ ነበሩ። ቻናሉ ለሚያውቋት ደንበኞች እጅግ ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ትናንት የተለጠፈው ፎቶ ዛሬ በተለጠፉት ሥር ይቀበራል፤ ዋጋውም «በውስጥ መስመር ይጠይቁ» ተብሎ ይታለፋል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተቀምጦ ለአባቱ ጋቢ የሚፈልግ ሰው የቻናሉን ስም ካላወቀ ወደ እርሷ የሚያደርሰው መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ አድራሻ የሚሰጥ የራሷ ድረ ገጽ ያስፈልጋት ነበር፤ እኔም በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ብሆንም ለኮምፒውተር ካለኝ ፍቅር የተነሣ ሰርቨሩን፣ ማለትም ገጾቹን የሚይዘውን ኮምፒውተር፣ በቤቴ አቆማለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ማያው የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ። ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ለውጬ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጫንኩበት፤ ቀጥሎም ገጾቹን ለጠያቂው የሚያቀርበውን ኤንጂንኤክስን፣ የመረጃ ቋቱን ማሪያዲቢን፣ በእነርሱ ላይ ድረ ገጽ የሚገነባበትን ዎርድፕረስንና የሱቁን ሥራ የሚያከናውነውን ዉኮሜርስን አኖርኩ። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ የገጹን ግንኙነት የሚያመሰጥረውን የምስክር ወረቀትም ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። ሥራ ሳይበዛበት ላፕቶፑ የሚወስደው ኃይል ከ30 ዋት አይበልጥም፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ያቆየዋል። ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥና አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል ግን፣ ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ሙሌቱን በ80 በመቶ መገደብና ባትሪውን በየጊዜው ማየት ግድ ነው። ራውተሩም የራሱ መጠባበቂያ ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ ላፕቶፑ ነቅቶ ራውተሩ ከጠፋ ሱቁ ከተዘጋ አይለይምና።

ትልቁ እንቅፋት የመጣው ከመስመሩ ነው። አይፒ በተባለው የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ አራተኛ ስሪት ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲታደል የነበረው ያልተመደበ ክምችትም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ አልቋል። በዚህም ምክንያት ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለበርካታ ደንበኞች ያጋራሉ። ይህ ገጽ ለሚያነብ ሰው ምንም አያጎድልበትም፤ ከቤቱ ገጽ ለሚያቀርብ ሰው ግን፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ የትኛውን ቤት ማንኳኳት እንዳለበት ሳያውቅ ይመለሳል። በራውተሩ ላይ የውጭ አድራሻ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ መስመሩ የጋራ መሆኑ ይታወቃል። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ የራውተሩን ቅንብር ስቀያይር ከርሜያለሁ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው ቋሚና የግል የሆነ አድራሻ መግዛት ነው፤ ሁለተኛው በውጭ አገር አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር ዋየርጋርድ በተባለው የተመሰጠረ መስመር ማገናኘት ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈልም በጀርመን የሚኖረው ወንድማችን ሸፈነልን። ይህ ኪራይ ሳላስበው ሌላ ጥቅም ሰጠ። የተከራየነው ሰርቨር የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ እንዲይዝ ስላደረግሁት፣ በቤቴ መብራትም መስመርም ቢጠፋ ገዢው ጋቢውንና ዋጋውን ማየት አያቆምም፤ የሚቋረጠው ትእዛዝ መስጠቱ ብቻ ነው።

የዚህ ጥቅም ከደንበኞቹ የሰዓት ልዩነት ጋር ሲታይ የበለጠ ይጎላል። በክረምታቸው ወራት በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ከሥራ የተመለሰው ወገናችን ሱቁን የሚጎበኘው እኛ በእንቅልፍ ላይ ሳለን ነው። ጎግልቦት የተባለው የጎግል ጎብኚ ፕሮግራምም ሰዓት አይመርጥም። ሰርቨሩ ደጋግሞ ካልመለሰለት ጉብኝቱን ያዘገያል፤ ችግሩ ለቀናት ከዘለቀም ገጾቹን በፍለጋ ከሚያሳይበት መዝገብ፣ ከማውጫው፣ ማስወጣት ይጀምራል። ለጥገና መዝጋት የግድ ሲሆን ሰርቨሩ 503 የተባለውን «ለጊዜው አገልግሎት የለም» የሚል ምላሽ መስጠት አለበት፤ ባዶ ገጽን ደኅና እንደሆነ አድርጎ መመለስ ግን ጎብኚውን ያሳስታል። በቤታቸው መብራት ለብዙ ሰዓታት የሚጠፋባቸውና በውጭ ቅጂ ማኖር የማይችሉ ነጋዴዎች ሱቃቸውን በኪራይ ሰርቨር ላይ ቢያደርጉ፣ የቤቱን ኮምፒውተር ደግሞ ለመጠባበቂያ ቅጂና ለመለማመጃ ቢያውሉት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እህቴ ገንዘብ ልመለስ። ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለአራት ወራት በፍለጋ የመጣ አንድም ገዢ አላገኘንም። በዚያን ጊዜ ነበር አንደኛ እናደርጋለን ባዮቹ የቀረቧት። ከገንዘቧ የተወሰነው ከልብስ ጋር ምንም ዝምድና በሌላቸው ገጾች ላይ ወደ ሱቁ የሚያመለክቱ ሊንኮችን ለማስለጠፍ ዋለ፤ ሌላው በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፉ፣ ሰው የማያያቸው የቃላት ክምር ለመደበቅ ዋለ፤ የቀረውም በገጹ ራስጌ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለማስገባት ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጎግል ባወጣው ደንብ በግልጽ ይከለክላቸዋል። ሦስተኛውን ደረጃ ለመስጠት እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አሳውቋል። ጎግል ራሱ የአንደኝነትን ደረጃ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ላይ ጽፎ ሳለ፣ እኛ ያንን ሳናነብ ዋስትና ገዛን።

እውነተኛውን ምክንያት ያገኘሁት ሰርች ኮንሶል የተባለውን የጎግል ነፃ አገልግሎት ከፍቼ የሱቁን አድራሻ ባስመዘገብኩ ቀን ነው። አገልግሎቱ ገጾቹ ከማውጫው የቀሩት ድረ ገጹ ራሱ «አትመዝግቡኝ» የሚል መልእክት ስለሚልክ መሆኑን ነገረኝ። ዎርድፕረስ ገጹ ገና በመሠራት ላይ ሳለ የፍለጋ አገልግሎቶች እንዳይመዘግቡት የሚያደርግ አንዲት ትንሽ ሳጥን በቅንብሩ ውስጥ አለችው። እኔ ሰርቨሩን ካቆምኩ በኋላ ገጹን የሠራልን ባለሙያ ሥራውን ሲጀምር በሳጥኗ ላይ ያኖረውን ምልክት ሲጨርስ ሳያነሣው ቀርቷል። ያንን ምልክት ለማንሣት የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እህቴ ለአራት ወራት ያዘነችበትን፣ ገንዘቧንም የከሰረችበትን ነገር በዚያች ሳጥን ውስጥ ሳየው የተሰማኝን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም፤ በኢንተርኔት የምትነግዱ አንባቢያን ከማናቸውም ሥራ በፊት ይህችን ሳጥን እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ።

ገጾቹ መመዝገብ ከጀመሩ በኋላ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንደሚመጡ ማየት ቻልኩ፤ የእኛ የስያሜ ችግርም ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። እህቴ በገጹ ላይ «ምርት 14» እና «ልዩ ጥበብ» ብላ የሰየመችውን ሰዎች የሚፈልጉት «የወንድ ጋቢ ዋጋ»፣ «የሠርግ ቀሚስ»፣ «ለክርስትና የሚሆን ነጠላ» እያሉ ነው። ስያሜዎቹን ገዢው በሚናገርበት ቋንቋ ለወጥናቸው። በእያንዳንዱ ዕቃ ሥርም በሱቋ ቆማ ለደንበኛ የምትናገረውን ሁሉ ጻፈች፦ ጋቢው አራት እጥፍ መሆኑን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ድሩ የፋብሪካ ይሁን ወይስ በእጅ የተፈተለ፣ ጥለቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ እንዴት እንደሚታጠብ። ከሌላ ገጽ ያልተቀዳ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከምንም ዓይነት ብልሃት በላይ እንደሠራልን ራሴ ምስክር ነኝ።

በእኛ ፊደል ላይ ደግሞ ሌሎች የማይገጥማቸው ጉዳይ አለ። አንዱ «ሠርግ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ሰርግ» ይላል፤ «ሐበሻ»ም «ሀበሻ»ም ይጻፋል፤ በባዕድ አገር ያደገው ወጣት ደግሞ ቃሉን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ለኮምፒውተር ሠና ሰ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ትላልቆቹ የፍለጋ አገልግሎቶች ይህን ሁልጊዜ እንዲያስታርቁልን መጠበቅ ስለማይገባ፣ በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዘን በማብራሪያው ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ሌላውንም አንድ ጊዜ እናስገባለን። በሱቁ የራሱ የመፈለጊያ ሳጥን ላይ ግን ሐን፣ ኀንና ሀን፣ ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ፀንና ጸን እንደ አንድ የሚቆጥር አጭር ኮድ ጽፌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ እጅግ ቀንሷል።

የአማርኛ ርዕስ በገጹ አድራሻ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ ባይትም በአድራሻ ውስጥ በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአድራሻው መጨረሻ ክፍል የሚፈቅደው 200 ምልክት ነውና ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ርዕስ መሐል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ አድራሻውን ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ አድርጎ በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ርዕሱ ግን እንደፈለገ ሊረዝም ይችላል።

የፎቶውን ክብደት በተመለከተ፣ ከስልክ በቀጥታ የወጣ ባለ ብዙ ሜጋባይት ምስል በአነስተኛ ዳታ ለሚጠቀም ገዢ ሸክም ነው፤ ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል ዓይነት መለወጥ ይረዳል። ጎግል የገጹ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ የእኛ ትልቁ ገበያ ከጥር 11 በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። አዲስ ገጽ ተጽፎ በማግስቱ በፍለጋ ይወጣል ማለት ስላልሆነ የጥምቀት ገጾችን በኅዳር እናዘጋጃለን። በዓሉ ሲያልፍም አናጠፋቸውም፤ ያው አድራሻ ለከርሞ እንዲያገለግል «ለጊዜው አልቋል» ብለን እናቆያቸዋለን። ቀድሞ ግን እህቴ ዕቃው በተሸጠ ቁጥር ገጹን ትሰርዝ ስለነበር ያገኘነው ታይነት ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር።

የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ በቤቱ የሚያኖር ሰው ኃላፊነትም ይሸከማል። ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ይመለከታል። እኔ ዲስኩን አመስጥሬ፣ በይለፍ ቃል መግባትን ከልክዬ በቁልፍ ፋይል ብቻ እንዲከፈት አድርጌያለሁ፤ መጠባበቂያ ቅጂም በእህቴ ቤት አለ። ክፍያው በቴሌብርና ፈቃድ ባላቸው የክፍያ መንገዶች ስለሚያልፍ የማንም የባንክ ካርድ ቁጥር በእኛ ዘንድ አይቀመጥም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ቋሚ የውጭ አድራሻ ዋጋውንና ሁኔታውን በግልጽ አውጥተው ቢያቀርቡ፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በዘመድ ገንዘብ ከባሕር ማዶ አይከራዩም ነበር። ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ ሥራውን ሲያስረክቡ ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ መጠሪያ አድራሻ፣ በባለቤቱ ስም መመዝገቡን፣ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ መተላለፋቸውን፣ ያችም ሳጥን ባዶ መሆኗን ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው እንዲያረጋግጡ እለምናለሁ። የተከበረው ጋዜጣችሁም በንግድ ዓምዱ ላይ፣ ዋስትና ሰጪዎቹ ከሚሉት በተጨማሪ የፍለጋ አገልግሎቶቹ ራሳቸው ያወጡትን ደንብ በአማርኛ እያብራራ ቢያቀርብልን፣ በሽሮ ሜዳና በመርካቶ ላሉ በርካታ እህቶችና ወንድሞች ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ