የመዋኛ ገንዳው ፓምፕ ታይመር ጉዳይ፦ ለአባቴ የተጻፈ

አዳማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የትኛው ይገዛ ብለው ያነሡልኝ የገንዳው ፓምፕ ታይመር (ፓምፑን በተሞላለት ሰዓት የሚያስነሣውና የሚያጠፋው መሣሪያ) ጉዳይ በስልክ ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ረጋ ብለው እንዲያነቡትና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውም እንዲያሳዩት በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለመስቀል ፍላወሩ ቤት የሚስማማው ታይመር ክብ ገጽ ያለው፣ በጣት የሚስተካከል፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚጠብቅለት የራሱ ባትሪ ያለው፣ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመታ መብራት) የተሠራ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፓምፑን ጭነት ራሱ ሳይሸከም በኮንታክተር፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ ከባድ ጭነት በሚያገናኝና በሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በኩል የሚያዝዝ መሆን አለበት። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሻጮች ብዙ ጊዜ ስለማያነሡት ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ሠራተኛው በሶኬት የሚሰካውን ታይመር ሲያሳይዎ በላዩ 16 አምፒር ተብሎ መጻፉን እንደ ማስረጃ አቅርቦልዎታል። ያ ቁጥር ግን ለምድጃና ለውሃ ማሞቂያ ዓይነት ጭነት የተሰጠ ነው፤ ለሞተር ሲሆን የዚያው ታይመር አቅም እጅግ ያንሳል። ፓምፑ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ከሆነ፣ ሲሠራ የሚስበው ከ5 እስከ 6 አምፒር ገደማ ቢሆንም፣ በሚነሣበት ቅጽበት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በታይመሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መገናኛ ብረቶች እየተለበለቡ ይሄዱና አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ «ጠፍቷል» እያለ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል። ኮንታክተር ሲኖር ግን ታይመሩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ሸክሙን የሚሸከመው ለሞተር ተብሎ የተሠራው ኮንታክተር ይሆናል። ሠራተኛው መርካቶ ሲወርድ «ለሞተር የሚሆን 12 አምፒር ኮንታክተር፣ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅሉ) 220 ቮልት» ብሎ ይጠይቅ፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲስብ የሚቆርጠውን ኦቨርሎድም አብሮ ይግዛ።

ወንድሜ ከአሜሪካ ልላክ ያለውን ታይመር በተመለከተ፣ ፍቅሩን ተቀብለን ዕቃውን ብናስቀረው ይሻላል። የዚያ አገር መብራት 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 50 ነው። በመብራቱ ምት የሚዞር ሰዓት ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲሠራ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህም በቀን 4 ሰዓት ስለሆነ በሦስተኛው ቀን ቀኑና ሌሊቱ ይገለበጥበታል። ለ120 ቮልት የተሠራ ከሆነማ ገና ሲሰካ መቃጠሉ ነው።

ለ50 ኸርዝ የተሠራውም ቢሆን ባትሪ ከሌለው ለእኛ ከተማ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆምና፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ከጠፋ፣ አንድ ሰው መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት እንደዘገየ ይኖራል። ባትሪ ካላቸው ውስጥ መብራት ሳይኖር ከ100 ሰዓት በላይ የሚቆጥሩ ስላሉ፣ ሠራተኛው ይህን ከካርቶኑ ላይ አንብቦ ይግዛ። በስልክ የሚታዘዘውን ዓይነት ግን አልመክርም። ዋይፋዩ በተቋረጠ ቁጥር ለእኔ መደወልዎ የማይቀር ሲሆን፣ የዲጂታሉም መስኮት ጥቃቅን ፊደል መነጽርዎን ይፈትናል።

ክቡ ገጽ ሌላም ጥቅም አለው፤ እኔን ያስደሰተኝም እሱ ነው። በዙሪያው እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ የሚወክሉ 96 ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ፓምፑ እንዲሠራ የሚፈለግበትን ሰዓት ጥርሶች መግፋት ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 24 ስለሆኑና መሣሪያው የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ስለማያውቅ፣ በእኛው አቆጣጠር መሙላት ይቻላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቱ 24 ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ፣ ከ1 እስከ 12 ያለው የቀኑ፣ ከ13 እስከ 24 ያለው የሌሊቱ ሰዓት ይሆናል፤ የቀኑን ሰዓት ማንም ሳያሰላ በቀጥታ ያነብበዋል። ክዳኑ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት የተሞላ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ አለዚያ ለጥገና የሚመጣ ሌላ ሰው የተበላሸ መስሎት ስድስት ሰዓት ይገፋዋል።

ስንት ሰዓት ይሥራ ላሉኝ፣ ገንዳው 6 ሜትር በ3 ሜትር ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር ስለሆነ 23,400 ሊትር ያህል ይይዛል። ፓምፑ በማጣሪያው በኩል በሰዓት 8,000 ሊትር ቢያሳልፍ፣ ውሃውን አንድ ጊዜ ለማዳረስ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ለእርስዎና ለልጆቹ በቀን ሁለት ዙር በቂ ነው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያም ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይሁን። ለሁለት መክፈሌ መብራት አንዱን ቢነጥቀን ሌላው እንዲተርፈን ነው። ክሎሪኑን ፀሐይ ስለምትበላው 11 ሰዓት ላይ፣ ፓምፑ እየዞረ ሳለ ቢጨመር ይሻላል።

ጎረቤትዎ «ሌሊት ይሥራ፣ ሒሳቡ ይቀንሳል» ያሉዎት በሌሎች አገሮች እውነት ነው። የእኛ የቤት ታሪፍ ግን የሚለያየው በወሩ ፍጆታ መጠን እንጂ በቀኑ ሰዓት አይደለም፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። 1.1 ኪሎዋት የሚስብ ፓምፕ በቀን 6 ሰዓት ሲሠራ በወር ወደ 198 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ 12 ሰዓት ቢሠራ እጥፉ ነው። ስለዚህ ቁጠባው ያለው ሰዓቱን በማሳጠር ነው። ደግሞም አረንጓዴውን ዝቃጭ የምታበቅለው የቀኗ ፀሐይ ስለሆነች፣ ውሃው መንቀሳቀስ ያለበት ቀን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጥ ብሬከር ሳይገባና ሞተሩ በትክክል ከመሬት ሽቦ ጋር ሳይያያዝ፣ ለጉልበትዎ ብለው እንኳን ውሃው ውስጥ አይግቡ። ሳጥኑም ዝናብ የማያስገባ፣ አይፒ 65 የተባለው ዓይነት ሆኖ ከገንዳው ራቅ ብሎ ይሰቀል። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዘል፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ የቮልቴጅ መከላከያም ቢጨመር መልካም ነው።

አሁን የምለምንዎ፣ በሞተሩ ጎን የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ዘበኛው በጨርቅ ጠርጎ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣውና እንዲልክልኝ ነው። ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ ባለ አንድ ይሁን ባለ ሦስት ፌዝ (የመብራት መስመር) መሆኑን ሳላይ ሠራተኛው ምንም እንዳይገዛ ይንገሩልኝ፤ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ከሆነ የኮንታክተሩና የኦቨርሎዱ ልክ ይለወጣል። ፎቶው እንደደረሰኝ የዕቃዎቹን ዝርዝር ጽፌ እልካለሁ፤ ገንዘቡንም እኔው አስገባለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ