የእናታችን ቋጠሮ

ሮተርዳም፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ጅማ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ አርባ በወጉ መውጣቱን አክስታችን ነግራኛለች። ዕድርተኛው አልተለያችሁምና ብድሩን ይክፈልልን። ቀጥላ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣህም አሉ። እንግዳ ስትቀበል፣ ወንበር ስታቀብል፣ እህቶቻችንን «በቃ፣ ተዉ» ስትል ከረምክ። አሁን ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ታነጋለህ፤ እህልም አልወርድልህ ብሏል።

እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር። መርዶው በስልክ ሲደርሰኝ አጠገቤ ሰው አልነበረም። በነጋታው ሥራ ገባሁ። እንደምታውቀው የምሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ጆንያ ሽንኩርት እልጣለሁ። ዓይኔ እንደ ምንጭ ሲፈስ ይውላል፣ ደረቴ ላይ የተጫነው ድንጋይ ግን ንቅንቅ አይልም።

በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ሳታርፍ በሰው የላከችልኝ በርበሬ ደረሰኝ። ቋጠሮው የእሷው ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠብቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ልጅ ሆነን በጥርሳችን ስንታገለው የነበረው። ልፈታው ስል እጄ ከዳኝ። አብራኝ የምትሠራ ኤርትራዊት እህት ቤቴ ነበረች። ምንም ሳትጠይቅ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ጮኬ፣ ስሟን ጠርቼ አለቀስኩ። የዚያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

ኋላ ስለ እንባ ማንበብ ጀመርኩ። ዊልያም ፍሬይ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሽንኩርት የመጣን እንባ በሐዘን ከመጣው ጋር ቢያስተያዩ፣ የሐዘኑ እንባ የበለጠ ፕሮቲን ይዞ አግኝተውታል። ከሽንኩርቱ ጆንያ ጋር ለከረምኩት ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። እዚሁ ሆላንድ፣ ቲልበርግ፣ ስለ ልቅሶ ለዓመታት ያጠኑ አድ ፊንገርሁትስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁርም አሉ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ3,000 በላይ የልቅሶ ገጠመኞችን መርምረው እንደጻፉት፣ ያለቀሰ ሁሉ አይቀልለውም፤ ይበልጥ የሚቀልለው የሚያጽናናው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። የእኛ ሰው ድንኳን የሚጥለው፣ አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ልቅሶው የሚነሣው ለዚህ አይመስልህም? አንተ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻህን ቆምክ።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያሉህን አትስማ። ጎረቤታችን ሐጂ ልጃቸው የሞተ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በሰው ፊት ሲያነቡ እኛ አፍረን መሬት መሬት ስናይ፣ «ነቢዩም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል» አሉን። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል። አንተ ከእነርሱ ትበረታለህ እንዴ፣ ወንድሜ?

ቅዳሜ አክስታችን ዘንድ ሂድ። እማዬ ቡና የምታፈላበት በርጩማ እሷ ቤት ነው አሉ። አጠገቡ ተቀመጥና ስለ እማዬ እንድታወራህ ለምናት።

እሑድ ማታ እደውልልሃለሁ። እንባህ ከመጣ «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለህ ስልኩን አትዝጋብኝ።

እህትህ